የጎረቤቶቼን ፓስወርድ ሁሉ ያጠፋሁ ዕለት

ትላንት ማታ እዚሁ ገጼ ላይ «ፓስወርዳችሁን ብራውዘር ላይ ሴቭ አታድርጉ፤ ኦቶፊሉንም አጥፉት» ብዬ የጻፍኩትን አንብባችሁ ላይክ ያደረጋችሁልኝ ወዳጆቼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ሰብሰብ በሉልኝ።

ከፈለጋችሁ ላይካችሁን ውሰዱት። አልቀየማችሁም።

ዛሬ የሆንኩትን ስትሰሙ እናንተው ራሳችሁ ታፍሩልኛላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ራሔል እባላለሁ። ቦሌ ውስጥ መስታወት ለብሰው ከተደረደሩት አዳዲስ ፎቆች አንዱ ላይ፣ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀኔን የምጀምረው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው፤ የምጨርሰውም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። በሁለቱ ሰልፍ መሃል ሥራ እሠራለሁ።

ሌላም ሥራ አለኝ። ደመወዝ የለውም። የብሎካችን «ኮምፒውተር የምታውቀዋ ልጅ» እኔ ነኝ።

እኛ ብሎክ ኢሜል መክፈት ማለት እኔ ቤት መምጣት ማለት ነው። ላፕቶፔን እከፍታለሁ፣ ስም እጠይቃለሁ፣ የልደት ቀን እጠይቃለሁ። ፓስወርድ ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ «አንቺው አንድ ነገር አድርጊበት» ይለኛል። እኔም አንድ ነገር አደርግበታለሁ። ወዲያው ብራውዘሩ ከላይ ብቅ ብሎ «ላስቀምጥልሽ?» ይለኛል።

እንዴት ያለ ትሁት ነገር ነው! አስቀምጥልኝ እለዋለሁ።

በቃ። ከዚያ በኋላ ሰውየው «ደብዳቤ መጥቶልኝ ይሆን?» ብሎ በሬን ሲያንኳኳ አንድ ጠቅታ ነው። ብራውዘሩ ሁሉንም ይሞላዋል፣ እኔም አነብለታለሁ።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ፓስወርዱን ባለቤቱ አያውቀውም። እኔም አላውቀውም፤ ጽፌ ረስቼዋለሁ። የሚያውቀው ብራውዘሩ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ግን የሰፈሩ ኢሜል በእጄ ነው እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ነበር።

ኦቶፊሉማ፣ ያ ፎርም በራሱ የሚሞላው፣ የራሱ ጉድ አለው። ለሰው ፎርም ስሞላ ስልክ ቁጥር የሚለው ቦታ ላይ የኔ ቁጥር ዘሎ ይገባል። ሁልጊዜ አላየውም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጋሽ ግርማ ለጥበቃ ሥራ አመልክተው የተደወለው ለኔ ነው። ደዋዩ «አቶ ግርማን ፈልጌ ነበር» ሲለኝ «አንድ ጊዜ ይጠብቁ፣ ላቅርብልዎት» ብዬ ስልኩን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ጋሽ ግርማ ሥራውን አላገኙም። ጸሐፊ ያለው ጥበቃ ማን ይቀጥራል?

ይኸው እንግዲህ፣ ትላንት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አጭር ሥልጠና ተሰጠን። የአይቲው ልጅ ሳምሶን ፕሮጀክተሩን አብርቶ ብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ ፓስወርዶች እንዴት እንደሚታዩ አሳየን። አንዲት ትንሽ የዓይን ምልክት አለች። እሷን ስትነኳት ከነጥቦቹ ኋላ የተደበቀው ፓስወርድ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

«ላፕቶፓችሁን ያገኘ ሰው ላፕቶፕ ብቻ አይደለም ያገኘው» አለን።

እኔን ላብ አጠመቀኝ። ሌሎቹ የሚያስቡት የራሳቸውን ፌስቡክ ነው። እኔ ያሰብኩት አንድ ብሎክ ሙሉ ሰው ነው።

ማታ ቤት እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። «ላስቀምጥልሽ?» እያለ የሚጠይቀውን አጠፋሁ። በራሱ የሚገባውን አጠፋሁ። አድራሻና ስልክ የሚሞላውን አጠፋሁ። ከዚያ እስከዛሬ የተቀመጡት ጋ ደረስኩ።

የብሎካችን ሰው ሁሉ እዚያ ተሰልፏል። ጋሽ ግርማ አሉ። ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ አለች። ተከራይተው ቆይተው የሄዱ፣ ፊታቸው እንኳ የጠፋኝ ሰዎች አሉ።

ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነገር ነበር። በየቤቱ ማንኳኳትና «ይኸው ፓስወርድዎት፣ ከዛሬ ጀምሮ የራስዎት ነው» ማለት።

እኔ ምን አደረግሁ? ሁሉንም አጥፋ!

«እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

ከዚያ ለናንተ ያንን ምክር ጻፍኩ። ላይኩ ሲመጣ እያየሁ፣ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ዛሬ ጠዋት ደረጃ ስወርድ እትዬ ዘይነባን አገኘኋቸው። ከኔ ፊት ለፊት ያለው ቤት የሳቸው ነው። ከወሎ ከመጡ ቆይተዋል፤ ባላቸው ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ውሃ ስለጠፋ ጀሪካን ይዘው እየወጡ ነበር።

«ራሔልዬ፣ የሐያትን ነገር አደራ» አሉኝ። «መልስ የሚላክበት የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው ብላኛለች። አላህ ያግራልን።»

ሐያት ልጃቸው ናት። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ፣ ከኮሌታ በቀር ሌላ ነገር የለም። እሷ ግን የምትፈልገው ልብሱን ራሱን መንደፍና መቁረጥ ነው። ለዚህ ውጭ ሀገር የሚሰጥ ሥልጠና አለ፤ ተወዳድራ ተመረጠች። እስከ ዛሬ የሥራ ሰዓት ማብቂያ ድረስ «እመጣለሁ» ብላ በኢሜል ካልመለሰች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ነገሩ ይኼው ነው። አንድ መስመር ኢሜል።

መመረጧን የሰማሁት ከእናቷ ነበር፣ ያውም ደረጃ ላይ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ ትንሽ ከፍቶኛል። ኢሜሏን የምከፍተው እኔ ሆኜ ሳለ ልጅቷ እንዴት ከኔ በፊት ሰማች? ደውለውላት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

«አያስቡ እትዬ ዘይነባ፣ ቢሮ እንደገባሁ እልክላታለሁ» አልኳቸው።

መረቁኝ። ምርቃቱን ይዤ ሰልፍ ላይ ቆምኩ።

ቢሮ ገባሁ። ላፕቶፔን ከፈትኩ። የሐያትን ኢሜል ጻፍኩና ፓስወርድ የሚለው ሳጥን እስኪሞላ ጠበቅሁ።

አልሞላም።

ለካ አጥፍቼዋለሁ!

እናንተዬ፣ ያ ሳጥን ባዶ ሆኖ ሲያየኝ የተሰማኝን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ፈተና ገብታችሁ ስማችሁን ከጻፋችሁ በኋላ ምንም የማታውቁ መሆናችሁ ሲገባችሁ እንደሚሰማችሁ ነው።

አትደናገጪ አልኩት ራሴን። ፓስወርዱን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ የራስሽን ጭንቅላት አታውቂውም? ስሟን ሞከርኩ። የእናቷን ስም ሞከርኩ። ስሟን ከብሎክ ቁጥራችን ጋር ሞከርኩ። የእናቷን ስም ከቤት ቁጥራቸው ጋር ሞከርኩ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ።

ቆይቼ አንዱን ስጽፍ ገጹ ሌላ ነገር አለኝ። ይህ ፓስወርድ ከወራት በፊት ተቀይሯል።

ተቀይሯል?

እኔ አልቀየርኩትም። ሐያት ደግሞ ፓስወርድ እንዴት እንደሚቀየር አታውቅም። ማን አስተምሯት? ከኔ ሌላ ማን አላት? (እባካችሁ እዚህ ጋ ቆማችሁ እኔን ታዘቡኝ። ይህን ሳስብ አንድም ጊዜ አልተጠራጠርኩም።)

ስለዚህ የቀረው አንድ ነገር ነው። ሌባ!

«ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ነካሁ። ኮድ ወደ ስልክ እንልካለን አለኝ፤ የስልኩን የመጨረሻ ቁጥሮች አሳየኝ። የኔ አይደለም። ይኸው አልኩ፣ ሌባው የራሱን ስልክ አስገብቷል። ኮዱን ላክ አልኩት፣ ሌባው ይደንግጥ ብዬ። ደግሞ ላክ አልኩት። እንደገና ፓስወርድ ሞከርኩ፣ እንደገና ኮድ ላክሁ። ሌባና ፖሊስ ስንጫወት አረፈድን።

መጨረሻ ላይ ገጹ ሰለቸው። ብዙ ሙከራ ስለተደረገ ለጥንቃቄ ሲባል አካውንቱ ለጊዜው ተዘግቷል፤ ነገ ይሞክሩ አለኝ።

ነገ! የሐያት ቀን እኮ ዛሬ ነው።

ደወልኩላት። ፋብሪካው ውስጥ ሥራ ላይ ሳሉ ስልክ አይያዝም፤ ሎከር ውስጥ ተቆልፎበት ይውላል። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ለእትዬ ዘይነባ ደወልኩ።

«እትዬ፣ አይደንግጡ» አልኩ።

በአማርኛ ከዚህ በላይ የሚያስደነግጥ ቃል የለም። ስንናገረው ግን ለማረጋጋት ነው የሚመስለን።

የሐያትን ኢሜል ሌባ እንደወሰደው፣ አካውንቱም እንደተዘጋ፣ መልሱም እንዳልተላከ ነገርኳቸው። «ያ ረቢ» አሉ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። አለቃዬን ዘመድ ታሞብኝ ነው ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ። ምን ልበላቸው? የጎረቤቴን ልጅ ኢሜል ሰብሬ ነው ልበላቸው?

ጎሮ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ ለሚ ደረስኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አላስገባኝም፤ ትክክልም ነበር። ሙዝና ቆሎ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆሜ የምሳ ሰዓት ጠበቅሁ።

ያ ቆሞ መጠበቅ ጥሩ የማሰቢያ ጊዜ ሰጠኝ። አልተጠቀምኩበትም። ቆሜ ሌባውን ስረግም ነበር።

ምሳ ሆነ። ሴቶቹ ሰማያዊ ጋውናቸውን እንደለበሱ እየተንጫጩ ወጡ። ከመሃላቸው ሐያት ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ራሂ! አላህ ነው ያመጣሽ» አለችኝ። «ጠዋቱን ሙሉ አንድ ሌባ ኢሜሌን ሊከፍት ሲታገል ውሏል። ስልኬን ከሎከር ሳወጣ በኮድ ተሞልቷል። መልሱን አሁን በምሳ ሰዓት ልልክ ነበር፣ ተዘግቷል ይለኛል።»

እኔም በዚያው ትንፋሽ «ኢሜልሽ ተሰርቋል፣ ሌባው ፓስወርድሽን ቀይሮታል!» አልኳት።

ሐያት ስልኳን ዝቅ አደረገች።

«ፓስወርዱንማ የቀየርኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ሙከራውንማ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አጠገባችን ያለችው ሙዝ ሻጭ መሸጧን አቁማ ነበር።

ሐያት ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተችና «ቢሯቸውን አውቀዋለሁ፣ ለፈተና ሄጃለሁ፤ ገርጂ ነው። ስልካቸው ግን ኢሜሉ ውስጥ ነው ያለው» አለች። ገብታ አለቃዋን አስፈቀደች። ስትወጣ ጋውኗን አውልቃ ነበር። ኮንትራት ታክሲ ያዝን።

መንገዱ እንደምታውቁት ነው። ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ተቆፍሮ አስፋልት ሊሆን ያለ። የሲሚንቶ መኪና ፊታችን ቆሞ ከሰዓታችንን በላው። «ለምን ቀየርሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። አልዋሻችሁም፣ ድምፄ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ነበረበት። ጥፋተኛዋ እኔ፣ ኩርፊያውም የኔ!

ሐያት በመስኮቱ እያየች ነገረችኝ።

አምና ሌላ ቦታ አመልክታ ነበር። መልሱ አልተመረጥሽም የሚል ነው። ያን ኢሜል ከፍቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ሥራ ላይ ነበረች። እኔ ደግሞ አስተዳደጌ ነው፣ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም። መርዶ እንኳ የሚነገረው ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ሰው አጠገብ ኖሮ ነው። ስለዚህ ለእናቷ ነገርኩ። እናቷ ለጎረቤት ነገሩ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ እራቴን በላሁ።

ማታ ሐያት ከሰርቪስ ወርዳ ደረጃውን ስትወጣ ሰው ሁሉ ያቅፋት ጀመር።

«በየፎቁ አይዞሽ ይሉኛል» አለችኝ። «እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። አባዬ መንገድ ላይ ነበር። አባዬ የሞተ መስሎኝ ነው ቤት የደረስኩት።»

ሹፌሩ እንኳ ሬዲዮውን ቀነሰው።

«እናቴ በሩ ላይ ኢሜሉን ስትነግረኝ ደስ አለኝ» አለች ቀጥላ። «ገባሽ? ሥራውን አላገኘሽም ስባል ደስ አለኝ። ከዚያ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ግን ተናደድኩ።»

በኋላ አንድ ቀን ላፕቶፔን አውሻት ነበር። ያቺን የዓይን ምልክት አገኘቻት። ፓስወርዷን አየች፣ ገብታም ቀየረችው፣ የራሷንም ስልክ አስገባች። (ሳምሶን ትክክል ነው። ላፕቶፔን ያገኘች ሰው የራሷን ዕቃ ወስዳበታለች።)

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? አንቺ እኮ ክፉ ሰው አይደለሽም። አንድ ጊዜ ብቻ የራሴን ወሬ ከሰው በፊት መስማት ፈልጌ ነው። እናቴም ቢሆን አንቺን ነው የምታምነው። እኔ ልልከው ነው ብላት እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ሐያትዬ፣ አንድ የቀረ ነገር አለ» አልኩ። «ጠዋት ለእናትሽ ደውያለሁ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ገርጂ እስክንደርስ አልገለጠችውም።

ቢሮው አዲስ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ገና አልተገጠመም። እያለከለክን ወጣን። አንድ ወጣት ጠረጴዛው ላይ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር፤ ሊወጣ ነው። ሐያት ለሥልጠናው መልስ ልትሰጥ እንደመጣች ነገረችው።

«ስም?» አለ።

«ሐያት ትባላለች» አልኩ እኔ።

«ሥራ?»

«ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ ጎበዝ ናት» አልኩ እኔ።

«ስልክ ቁጥር?»

የራሴን ስልክ ቁጥር ነገርኩት!

ሙሉውን፣ ሳላዛንፍ፣ ከዜሮ ዘጠኝ ጀምሬ። ሐያት ዞራ አየችኝ። ልጁም እስክሪብቶውን አቁሞ አየኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ትላንት ማታ ያጠፋሁት ብራውዘሩን ነው። ዋናው ኦቶፊል ግን እኔው ነኝ፤ ሳይጠይቁኝ ሰው ባዶ ቦታ ላይ ዘልዬ እገባለሁ፣ የማስገባውም የራሴን ነው።

ሐያት እጄን በቀስታ ያዝ አደረገችኝ። ስለ ራሷ መናገር ጀመረች። ስሟን ከነአባቷ ተናገረች፣ ስልኳን ሰጠች። ለምን ይህን ሥልጠና እንደፈለገች ሲጠይቃት ደግሞ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረችው። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ስትሰፋ ሸሚዙ ሙሉ ሆኖ ሲወጣ አይታው አታውቅም፤ ሌላ ክፍል ነው የሚገጣጠመው። አንድ ልብስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጇ ሲያልፍ ማየት ትፈልጋለች። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ፊት ለፊቷ ባለ በር እየኖርኩ ይህን አላውቅም ነበር። ኢሜሏን እንጂ እሷን አንብቤ አላውቅም።

«በኢሜል ያልላክሽው ምን ሆኖ ነው?» አላት ልጁ።

ሐያት አየችኝ። ወለሉ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር።

«ጎረቤቴ ልትረዳኝ ፈልጋ ነው» አለችው።

ልጁ ሳቀ። እዚያው አጽፎ አስፈረማት፣ ማኅተም አደረገበት፣ እንኳን ደስ አለሽ አላት። ቦታዋ የራሷ ሆነ።

ደረጃውን ስንወርድ አቀፈችኝ። አልቅሻለሁ። እሷ ናት ያጽናናችኝ፤ ይህንንም እንድታውቁት ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለኔ እንዴት ጥሩ ነበር።

የካ አባዶ ደረስን። ምድር ቤት ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ፀጉር ትታ ወጣችና ሐያትን አቀፈቻት። «አይዞሽ እህቴ» አለቻት። ሦስተኛ ፎቅ ጋሽ ግርማ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። «አይዞሽ ልጄ፣ ያልፋል» አሏት። ከኋላ ከኋላ የምከተለው እኔ ራሴን ደረጃው ጥግ ውስጥ መደበቅ አማረኝ። ሁለተኛ ጊዜ። ያው ሰው፣ ያው ደረጃ፣ ያው አይዞሽ።

እነ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ጫማ ሞልቷል። ውስጥ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሻይ ቀርቧል፣ የሚጠጣው ግን የለም። እትዬ ዘይነባ ልጃቸውን ሲያዩ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ሌላ ይሰጥሻል» አሉ።

ሐያት ጫማዋን አውልቃ ገባችና መሃል ላይ ቆመች። «እማ፣ አልጠፋም። ሰጥተውኛል። እሄዳለሁ» አለች።

እትዬ ዘይነባ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ከሷ ትከሻ በላይ እኔን ፈለጉኝ። እኔ በሩ ላይ ነኝ።

«እውነት ነው ራሔል?» አሉኝ።

እናንተዬ፣ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። አዎ፣ እውነት ነው፣ እኔም አብሬ ነበርኩ፣ ማኅተሙን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ልጁ እንዲህ አለ፣ እሷ እንዲህ አለች። ከጠዋት ጀምሮ የተዋረድኩትን ሁሉ የሚክስልኝ አንድ «አዎ» ነበር። ሐያት ግን አልዞረችም። ጀርባዋን ነው የማየው። ትከሻዋ ሲጠብቅ ይታወቀኛል።

«እሷን ይጠይቋት እትዬ» አልኩ። «ወሬው የሷ ነው።»

እትዬ ዘይነባ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ተመለሱ። የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙና «ንገሪኛ እስቲ፣ ከመጀመሪያው» አሏት። ሐያት መንገር ጀመረች። እልልታው ሲነሳ እኔ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ነበር።

እንግዲህ ምክሬ ያው ምክር ነው። ብራውዘራችሁ ፓስወርድ አያስቀምጥ፣ ኦቶፊሉንም አጥፉት። ሳምሶን ልክ ነው። ግን ከማጥፋታችሁ በፊት የማን የማን እንደሆነ እዩና ለባለቤቱ መልሱ። እኔ ከነገ ጀምሮ በየበሩ ላንኳኳ ነው። ጋሽ ግርማ አዲስ ፓስወርድ አውጥተው ኢሜላቸውን ራሳቸው ሲከፍቱ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ሲያነቡት ደግሞ ወደ መስኮቱ አያለሁ። ከባድ ነው። ዓይኔ አልለመደውም።

እናንተስ? የስንት ሰው ወሬ ነው ባለቤቱ ሳይሰማው እናንተ አፍ ላይ ያለው?

በኮሜንት «ልጅቷ የት ሀገር ነው የምትሄደው? መቼ ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጽፌው ነበር። ከመለጠፌ በፊት ለሐያት ሰጥቻት አነበበችው። ስሜን ጻፊ፣ የእናቴንም ጻፊ አለችኝ። እዚያ ጋ ስትደርስ ግን ጣቷን አሳረፈችበት።

«ይኼን እኔ ነኝ የምናገረው» አለች።

አጠፋሁት። እርግጠኛ ነሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም።